«ጨምሪ ወይ ውጪ» ተባልኩ

ጥያቄ፦ ለሥራ ከደሴ ድሬዳዋ ከመጣሁ አራት ወሬ ነው። ሳቢያን አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። አከራዬ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ በካሽ ተቀበሉኝ፤ ውል አልጻፍንም። አሁን «ጨምሪ፣ አለዚያ ልቀቂ። ለአዲስ ገቢ ሕጉ አይሠራም» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ የድሬ ልጅ ነኝና አንቺ ልበልሽ። አብሽሪ፣ ሕጉ ይሠራልሻል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ እንዲኖር ይፈቅዳል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም ትናንት የገባውን ተከራይ ከነባሩ አይለይም።

በአዋጁ መሠረት ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ስድስት ወር መቀበል ጥፋት ነበር። አራቱን ወር ግን ኖረሽበታል፤ አሁን አከራይሽ እጅ ያለው የሁለት ወር ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ብዙ አትጨቃጨቂ። ጭማሪው ላይ ግን በርቺ። ኪራይ የሚጨመረው ተቆጣጣሪው አካል (አዋጁን እንዲያስፈጽም የተመደበው መሥሪያ ቤት) በዓመት አንዴ ይፋ በሚያደርገው ልክ ነው፤ ውሉም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም።

የምሰጋው ለማስረጃሽ ነው። ነገ አከራይሽ «ገንዘብ አልተቀበልኩም፣ እንግዳዬ ናት» ብትልሽ ምን ታሳያለሽ? ብሩን ከባንክ ያወጣሽበትን ደረሰኝ ፈልጊ። ያገናኘሽን ደላላ፣ ብሩ ሲቆጠር የነበረ የግቢ ሰው ካለ፣ ስልክሽ ላይ ያሉ መልእክቶችን ሰብስቢ፤ ምንም እንዳታጠፊ።

ከዚያ ውሉ በጽሑፍ ይሁንልኝ በያት። በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብም አለበት። ብዙ አከራይ ውል የሚሸሸው ክፋት ኖሮት ሳይሆን ግብሩን ፈርቶ ነው። አንድ የሰፈር ሽማግሌ ይዘሽ ብታናግሪያት ከክስ ይቀላል። እምቢ ካለች ሳትዘገዪ ለተቆጣጣሪው አካል ራስሽ አመልክቺ። የሚቀጥለውን ኪራይ በባንክ ወይም በቴሌብር ክፈይ፤ አዋጁም የሚለው ይህንኑ ነው። ተናደሽ ክፍያ እንዳታቆሚ! ያኔ ውል ለማፍረስ ምክንያት አገኘች ማለት ነው።

ዕቃሽን አውጥታ በሩን ብትቆልፍ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 መሠረት «ሁከት ይወገድልኝ» ብለሽ መክሰስ ትችያለሽ። ራስሽ ልልቀቅ ካልሽ ደግሞ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪና ቅጂው ላይ አስፈርሚያት።