ጥያቄና መልስ፦ የመግነጢሳዊ ናኖክሪስታሎች ቅንብርና ባሕርይ

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኛውን የአሠራር ዘዴ ይመክራሉ?

መልስ፦ ቀላሉ የብረት ሁለትና የብረት ሦስት (ሁለትና ሦስት ኤሌክትሮን ያጡ የብረት አዮኖች) ክሎራይዶችን በአንድ ለሁለት ጥምርታ በውሃ አሟሙቶ አሞኒያ መጨመር ሲሆን፣ ጥቁሩ የማግኔታይት (መግነጢሳዊ የብረት ኦክሳይድ) ዝቃጭ ወዲያውኑ ይታያል። ሆኖም የቅንጣቶቹ መጠን እኩል ስለማይሆን፣ የታየው ለውጥ ከመጠን ይምጣ ከቅንብር ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ የቅንብርን ሚና ማጥናት ለሚሹ የምመክረው፣ የብረት ኦሊዬትን (የብረትና የኦሊክ አሲድ ውህድ) ከኦሊክ አሲድ ጋር፣ አየር በማይገባበት ብልቃጥ፣ በ320 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በኦክታዴሲን (በከፍተኛ ሙቀት የሚፈላ ፈሳሽ) ውስጥ ማፍላትን ነው፤ በዚህ መንገድ የቅንጣቶቹ መጠን ይቀራረባል።

ጥያቄ፦ ዚንክ ራሱ መግነጢሳዊ ሳይሆን እንዴት የማግኔታይትን መግነጢሳዊ ጉልበት ይጨምራል?

መልስ፦ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይበልጥ የምወደው ይህን ነው። በማግኔታይት ውስጥ የብረት አዮኖች የሚቀመጡት በሁለት ዓይነት ቦታ ነው፤ አንደኛው በአራት፣ ሌላው በስድስት ኦክስጅኖች የተከበበ ነው። የሁለቱ ወገኖች መግነጢሳዊ አቅጣጫ ተቃራኒ በመሆኑ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ እኛ የምንለካው ቀሪውን ብቻ ነው። በስድስቱ ወገን ብረት ሦስት 5፣ ብረት ሁለት ደግሞ 4 ቦር ማግኔቶን (የአዮን መግነጢሳዊ ጉልበት መለኪያ) ሲያዋጡ፣ በአራቱ ወገን ያለው ብረት ሦስት 5 ይቀንስባቸዋልና 4 ይቀራል። ዚንክ ባለአራቱን ቦታ ስለሚመርጥና የራሱ ድርሻ ዜሮ ስለሆነ፣ የሚያዳክመው ተቀናሹን ወገን ነው፤ ቀሪውም ያድጋል። ይህ ግን ገደብ አለው። በአንድ የማግኔታይት ቀመር (ሦስት ብረትና አራት ኦክስጅን) ውስጥ ያለው ዚንክ ከ0.4 አካባቢ ሲያልፍ፣ ሁለቱን ወገኖች አስተሳስሮ የያዘው ኃይል ይላላል፤ አዮኖቹም አቅጣጫቸውን ይስታሉ። ብረት ሁለት ሙሉ በሙሉ በዚንክ የተተካበት ግዙፍ ክሪስታል በክፍል ሙቀት መግነጢሳዊ ሥርዓት የለውም።

ጥያቄ፦ ኮባልትስ?

መልስ፦ ኮባልት ሁለት 3 ቦር ማግኔቶን ብቻ ስላለው ጠቅላላውን ጉልበት አያሳድግም። ጥቅሙ አቅጣጫን አጽንቶ መያዙ ነው፤ በዚህ ረገድ ኮባልት ፌራይት (ብረት ሁለት በኮባልት የተተካበት) ማግኔታይትን ከአሥር እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። የ10 ናኖሜትር ማግኔታይት በክፍል ሙቀት አቅጣጫውን ያለማቋረጥ ስለሚገለባብጥ ለኤምአርአይ ምርመራ ይመቻል፤ ቋሚ አቅጣጫ ለሚያስፈልገው ሥራ ግን ኮባልትን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ብልቃጡ ውስጥ የጨመርኩት ጥምርታ በክሪስታሉም ውስጥ እንዳለ ይገኛል?

መልስ፦ እንዲያ ብለው አይገምቱ፤ የእያንዳንዱ ብረታ ብረት (የብረት፣ የዚንክ፣ የኮባልት) ውህድ የሚፈርስበት ሙቀት ይለያያል። ኤክስሬይ ብረትንና ኮባልትን በቀላሉ ስለማይለያቸው፣ ቅንጣቶቹን በሚገባ አጥበው በአሲድ ካሟሟቸው በኋላ የየንጥረ ነገሩን መጠን በአይሲፒ (ናሙናውን በጋለ ፕላዝማ የሚመረምር መሣሪያ) ያስለኩ።