የቃላትን ሥር ለምትመረምሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን በቋንቋ ጥናት ያሳለፍኩ እንደመሆኔ፣ የቃላትን ምንጭ መፈለግ ለምትወዱ አንድ አደራ አለኝ። የሁለት ቃላት መመሳሰል ብቻውን ዝምድናን አያረጋግጥም፤ የሚያረጋግጠው በሌሎች ቃላትም ላይ ሳይዛነፍ የሚሠራ የድምፅ ለውጥ ሕግ ነው።

በሰሜን ኢጣልያ፣ በዶሎሚቲ ተራሮች ሸለቆዎች፣ 30 ሺህ ያህል ሰዎች ላዲን የተባለ ከላቲን የተወለደ ቋንቋ ይናገራሉ። በባዲያ ሸለቆ ቤተ ክርስቲያን «ድሊዥያ» ትባላለች። ምንጯ «ኤክሌሲያ» ነው፤ ግሪኮች የዜጎችን ጉባኤ ይጠሩበት የነበረ፣ ክርስቲያኖች ለምእመናን ማኅበር የወሰዱት፣ ላቲንም ከእነርሱ የተቀበለው ቃል።

ችኩል ተማሪ «ክል» እንዴት «ድል» እንደሆነ ሳይጠይቅ ያልፋል። እናንተ ግን እባካችሁ እዚህ ላይ ቆዩ። በዚያው ሸለቆ «ብሩህ» ማለት የሆነው የላቲኑ «ክላሩስ» «ትሌር» ሆኗል፤ ተራው ሕዝብ በረዶን ይጠራበት የነበረው «ግላኪያ» ደግሞ «ድላቻ» ሆኗል። በቃል መነሻ ላይ «ክል» ወደ «ትል»፣ «ግል» ወደ «ድል» ይለወጣል ማለት ነው። እንግዲህ የ«ኤክሌሲያ» መነሻ አናባቢ ከሁሉ አስቀድሞ ወድቆ ቢሆን ኖሮ፣ ቃሉ ዛሬ በ«ት» በጀመረ ነበር። በ«ድ» መጀመሩ የሚነግረን፣ ኢነዛሪው (የጉሮሮ አውታሮች ሳይርገበገቡ የሚነገረው) «ክ» አናባቢው ገና ከፊቱ ሳለ ወደ ነዛሪው (አውታሮቹ እየተርገበገቡ ወደሚነገረው) «ግ» እንደተለወጠ፣ አናባቢው ከዚያ በኋላ እንደወደቀ፣ በመነሻ የቀረው «ግል»ም «ድል» እንደሆነ ነው። ስፓኞች «ኢግሌሲያ»፣ ፈረንሳዮችም «ኤግሊዝ» ማለታቸው ያንኑ «ግ» ጠብቆ ያሳየናል። የለውጡን ቅደም ተከተል አንዲት ተነባቢ ይዛ መቆየቷ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ሕጉ ግን ወሰን አለው። በፋሳ ሸለቆ የሚኖሩት ላዲኖች ይህችኑ ቃል «ጄዥያ» ይሏታል፤ ስለዚህ ማስታወሻ ስትይዙ ከቃሉ ጎን የሸለቆውን ስም ጻፉ። በቋንቋ ቤተሰብ ስም ላይም አትደገፉ። ኢጣልያዊው የቋንቋ ሊቅ ግራዚያዲዮ ኢሳያ አስኮሊ በ1873 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ላዲንን ከስዊዘርላንዱ ሮማንሽና በሰሜን ምሥራቅ ኢጣልያ ከሚነገረው ፍሪዩልኛ ጋር በአንድ ቤተሰብ መድቦት ነበር፤ አመዳደቡ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሮማንሽ ግን ቤተ ክርስቲያንን «ባዜልጃ» ይላል፤ ይህ ቤተ ክርስቲያንን ከሚጠራው ሌላ የላቲን ቃል ከ«ባሲሊካ» የመጣ በመሆኑ በዚህ ቃል ዘመዱ ላዲን ሳይሆን «ቢሴሪካ» የሚለው ሩቁ ሮማንኛ፣ የሩማንያ ቋንቋ፣ ነው።