ኤዲተሩ ማታ ለምን ለአንቺ ይደውላል?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

በተከታታይ ድራማ ቀረጻ ላይ መቅረጫውን አንግቤ ቡም፣ ማለትም ማይክ የተሰቀለበትን ረጅም ዘንግ፣ ስይዝ ሦስት ዓመቴ ነው። ለመብራት ሁለት ሰዓት ይጠበቃል፤ እኔ «ጄኔሬተሩ ይራቅልኝ» ስል ግን «ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል» ይሉኛል። አይስተካከልም! ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው የተቀረጸ ንግግር በምን ይጸዳል? ሌንስ ሲቀየር የሚነግረኝ የለም፤ ማይኩ ካሜራው በሚያየው ፍሬም ውስጥ ሲገባ ግን የሚጮኸው እኔ ላይ ነው። ድምፅ ከተበላሸ ስሜ ይነሳል፤ መጨረሻ ላይ በሚያልፈው የስም ዝርዝር ግን የለሁም። ሾፌሩ እንኳ አለ። ውሌ በቃል ነው፤ ያለፈው ወርም አልተከፈለኝም። ማታ ደግሞ ኤዲተሩ «የትኛው ቴክ ነው ንጹሑ?» እያለ ይደውላል (ከተደጋገመው ቀረጻ ስንተኛው ማለቱ ነው)፤ ደብተሬን ገልጬ እነግረዋለሁ፣ እንቅልፌም ይሄዳል። አሁን አንድ ካሜራማን ረዳቴ ሁኚ ብሎኛል። ሰው የሚያየው ካሜራውን ነው። ድምፁን ትቼ ልሂድ?

ቡም ያዥዋ

የኔ እህት፦

የኤዲተሩን ስልክ እንቅልፍ እንደሚነሳ ነገር ብቻ ቆጥረሽ አለፍሽው። ያንን ደብተር ማን አስያዘሽ? የድምፅ ሪፖርት ይባላል፤ የዋና ድምፅ ቀራጭ ሥራ ነው። በረዳት ክፍያ የዋናውን እየሠራሽ ነውና አትሂጂ። ካሜራ ወድደሽ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ ደብዳቤሽ የሚንገበገበው ግን ለቆርቆሮው ነው።

ደብተሩን ወግ አስይዢው፦ የትዕይንቱ ቁጥር፣ ቴኩ፣ የፋይሉ ስም፣ የትኛው ማይክ በየትኛው ትራክ እንደገባ፣ ምን እንዳበላሸው («40ኛው ሰከንድ ላይ ውሻ»)። ማታውኑ ከፋይሉ ጋር ይሂድ፤ ስልኩም ይቀንሳል። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ቅረጪ፤ ንግግሩ በመቅረጫው መለኪያ ላይ ጣሪያው ከሆነው ዜሮ በታች ከ18 እስከ 12 ዲሲቤል ይመላለስ፣ ተዋናይ ድንገት ሲጮህ ቦታ እንዲኖረው። ዜሮ ነክቶ የተቆረጠ ድምፅ አይመለስም። ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት ሁሉም ጸጥ ብሎ 30 ሰከንድ የክፍሉን ድምፅ ያዢ፤ ኤዲተሩ ንግግር ቆርጦ ሲያወጣ ክፍተቱን የሚሞላው በእሱ ነው። ካርዱ ሁለት ዲስክ ላይ ሳይገለበጥ፣ ቅጂውም ተከፍቶ ሳይደመጥ ፎርማት አይደረግ።

የፍሬሙ ጥፋት ግን ያንቺም ነው። ሌንሱን ራስሽ ጠይቂ። በልምምዱ ጊዜ ማይኩን ፍሬም ውስጥ አስገቢና ካሜራማኑ «ወጥቷል» እስኪል ቀስ እያልሽ ወደ ላይ አንሺው፤ ወሰንሽ እሱ ነው። ከ50 ወደ 24 ሚሊሜትር ሌንስ ከተወረደ ፍሬሙ ይሰፋልና ቡሙ ከአፍ ይርቃል፤ ያኔ የልብስ ማይክ ያስፈልግሻል።

ጄኔሬተሩን በተመለከተ አትከራከሪ። ቦታ መረጣ ላይ አብረሽ ሂጂና ረጅም ገመድ ቀድመሽ አስመዝግቢ፤ መብራት ከተተከለ በኋላ የሚሰማሽ የለም። ያም ካልሆነ ሄድፎንሽን ለዳይሬክተሩ አድርጊለትና ይስማው።

ያልተከፈለሽን ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቂ። ፋይል ይዘሽ ግን አታስፈራሪ፤ የሚሰበረው ያንቺ ስም ነው። ለሚቀጥለው ምዕራፍ ያለ ወረቀት ቡም አታንሺ፦ መደብሽ «ድምፅ ቀራጭ»፣ የቀን ሰዓቱ፣ ክፍያው በየሳምንቱ፣ የራስሽን ዕቃ ካመጣሽ ኪራዩ ለብቻ፣ ስምሽም በመጨረሻው ዝርዝር።

ያ ዝርዝር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ነው። ኤዲተሩ ዛሬ ማታ ሲደውል ንጹሑን ቴክ ንገሪውና ስምሽን ከነአባትሽ ፊደል በፊደል አስጽፊው።