ጠላቂ ወንድሜና የሃልዴን ፍየሎች

ጥያቄ፦ ወንድሜ ጅቡቲ ወደብ ላይ እየጠለቀ የመርከብ ጥገና ይሠራል። ለጥምቀት ቶሎ ና ስለው «ከውሃ እንደወጣሁ አውሮፕላን አልሳፈርም፣ የምንወጣበት ሠንጠረዥም በፍየል ተሞክሮ ነው የመጣው» አለኝ። እየቀለደብኝ ነው? (እህቱ፣ ከአዘዞ ጎንደር)

መልስ፦ ኧረ አልቀለደብሽም። ጠላቂ ውሃ ውስጥ የታመቀ አየር ሲተነፍስ ናይትሮጅኑ ደሙና ሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ከወጣ በሳንባው ይወጣለታል። ከተቻኮለ ግን ክዳኑ እንደተከፈተ አምቦ ውሃ ሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ያሳምመዋል፣ ኅብለ ሰረሰሩን ከነካ ሽባ ሊያደርገው ይችላል።

ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሃልዴን ይህን ያጠናው ለንደን ውስጥ ፍየሎችን የታመቀ አየር ያለበት የብረት ክፍል እያስገባ ነው። ለምን ፍየል? አይጥ ትንሽ ስለሆነች ደሟ ቶሎ ይዞራል፣ ጋዙም ቶሎ ይወጣላታል፣ ስለዚህ ስለ ሰው ብዙ አትነግረንም። ፍየል በክብደቷ ትሻላለች። ደግሞ ፍየል ያረባ ሁሉ እንደሚያውቀው ሕመሟን አትደብቅም፦ አረፋው ሲይዛት የፊት እግሯን አጠፍ አድርጋ ታነሳለች፣ አትረግጥበትም። ተመራማሪዎቹ ዓይናቸውን የጣሉት እዚያች እግር ላይ ነበር። ግፊቱ በአንዴ በግማሽ ቢቀንስም ፍየሎቹ ደህና እንደሚሆኑ አዩ፣ ከዚያ ተነስተው ጠላቂ እየቆመ እየቆመ የሚወጣበትን ሠንጠረዥ ሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ታተመ።

ሽባ የሆኑና የሞቱ ፍየሎችም ነበሩ። እኔ ይህ ተድበስብሶ ባይታለፍ እወዳለሁ፣ የብዙ ጠላቂ ሕይወት በነሱ ነው የተረፈው። ግን ፍየል «ደነዘዘኝ፣ አዞረኝ» አትልም። ለዚህ ነው ዛሬ በአሳማና በአይጥ ከሚደረገው ጥናት ጎን ፈቃደኛ ጠላቂዎችም በአልትራሳውንድ የሚታዩት።

ወደ ወንድምሽ ልመለስ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፣ የአየሩ ግፊት እንደ አውሮፕላን ውስጡ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰውነቱ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሊሠራ ይችላል፤ በመኪና ቢመጣም ያው ነው። የተለመደው ምክር አንዴ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለደጋገመ 18 ሰዓት መቆየት ነው፤ እየቆመ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ። ስለዚህ አታቻኩይው። ከመጣ በኋላ ትከሻዬን ወይ ጉልበቴን አመመኝ ካለ ወጌሻ ጋ እንዳትወስጂው! በቀጥታ ሆስፒታል ውሰጂውና ገና በር ላይ «ጠላቂ ነው፣ ኦክስጅን ስጡት» በያቸው።