ጥያቄ አለኝ፦ ስዕሎቼን ዱም ውስጥ ልስቀላቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ስዕል እስላለሁ ግን እስካሁን ኤግዚቢሽን አሳይቼ አላውቅም፣ አዳራሹም ፍሬሙም ብር ነው። ባለፈው ታናሽ ወንድሜ ላፕቶፑ ላይ አንድ ጌም አሳየኝ፣ ዱም የሚባለውን የድሮ ጭራቅ መተኮሻ ጌም ይመስላል ግን ሰውየው በሽጉጥ ፈንታ የወይን ብርጭቆ ይዞ ስዕል እያየ ይዞራል፣ በሳቅ ነው የገደለኝ። እንደዛ አይነት ጋለሪ ለራሴ 14 ስዕሎች መስራት እችላለሁ? ኮዲንግ አልችልም፣ ላፕቶፑም አሮጌ ነው። ደሞ ግማሾቹ የቤተክርስቲያን አሳሳል የተከተሉ ናቸው፣ እንደዚህ አይነት ቦታ እነሱን መስቀል ነውር ይሆን እንዴ?
የቀለም ልጅ፣ ከአዳማ

መልስ፦ የቀለም ልጅ፣ አንቺ ብልሽ ቅር አይልሽም አይደል? አዎ ትችያለሽ፣ ኮዲንግም አያስፈልግሽም፣ ግን መጀመሪያ እኔ የገጠመኝን ልንገርሽ። ሳሎኔ ውስጥ ቆዳ ላይ የተሳለ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለኝ፣ ጥያቄሽን እንዳነበብኩ በስልክ ፎቶ አንስቼ በድሮ ጌም ግድግዳ ልክ ወደ 128 ፒክሰል አሳነስኩትና ሰቀልኩት፣ ከዛ እየተራመድኩ ብጠጋ ጦሩ የለም! ቀጭን መስመር ስለሆነ ሲያንስ ተውጦ ቀረ፣ ጊዮርጊስ ፈረስ ላይ ሆኖ ቡጢ የጨበጠ ጎረምሳ መሰለ፣ ዘንዶው ደሞ የተደፋ ሽሮ። ዱም በ1993 ሲወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ጠቅላላ ቀለሙ 256 ነበር፣ አብዛኛው ቡናማ፣ ግራጫና ደም ቀይ፣ ያው የሲኦል ጌም አይደል ምን ይጠበቃል፣ የኛ ቢጫና ሰማያዊ እዛ ብዙም ቦታ የለውም።

ወንድምሽ ያሳየሽ «ዱም፦ ዘ ጋለሪ ኤክስፒሪየንስ» ይባላል፣ ፊሊፖ ሜኦዚና ሊያም ስቶን በ2025 በነፃ የለቀቁት። የቤቱ አቀማመጥ ከዱም የመጀመሪያ ሌቭል የተወሰደ ነው፣ ስዕሎቹ ግን የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ናቸው፣ ሙዚየሙ በ2017 ወደ 375 ሺ ፎቶ ማንም እንዳሻው ይጠቀምበት ብሎ ስለለቀቀ። ብልጠቱ ምን መሰለሽ፣ ስዕሉን ስትነኪው ወደ ሙዚየሙ ገጽ ይወስድሽና ዋናውን ጥርት አድርገሽ ታዪዋለሽ። ቤቱ ለቀልድ፣ ስዕሉ ለቁምነገር። አንቺም እንደዛ አስቢው፣ ግድግዳው ላይ ያለው መጥሪያ ነው፣ ጥርት ያለውን ፎቶ ሌላ ቦታ አስቀምጪ።

አሰራሩ እንዲህ ነው። «አልቲሜት ዱም ቢልደር» የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ክፍሉን ከላይ እንደ ቤት ፕላን በመስመር ትስያለሽ፣ ከዛ ውስጡ ገብተሽ ግድግዳውን ትቀቢያለሽ። የሰራሽውን ከፍቶ የሚያጫውትሽ ደሞ «ጂዚዱም» የሚባል ሌላ ነፃ ፕሮግራም ነው፣ እሱ 256ቱ ቀለም ላይ አይታሰርም፣ ተለቅ ያለ ፎቶም ይቀበላል፣ እኔ ሁለተኛ ስሞክር ጦሩን ያተረፍኩት በሱ ነው። አዲሱ ቨርዥን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እምቢ ሊል ስለሚችል የቆየውን ሞክሪ። የዱም ኮድ በ1997 ለሁሉም ተለቋል፣ የጌሙ ስዕልና ድምፅ ግን አሁንም ባለቤት አለው ስለዚህ በሱ ፈንታ ነፃ ስዕልና ድምፅ ያለውን «ፍሪዱም»ን ተጠቀሚ።

አንድ ሁሉም የሚሳሳተው ነገር አለ፣ ከፍታ። በጌሙ የራሱ መለኪያ የተለመደው ግድግዳ ቁመቱ 128 ነው፣ የተጫዋቹ አይን ግን 41 ላይ ነው ያለው፣ ስለዚህ ግድግዳው መሀል ልክ ነው ብለሽ ከሰቀልሽ ሰው ሁሉ አንጋጦ ሊያይ ነው። የድሮው ዱም ላይማ ጭራሽ ማንጋጠጥ የሚባል ነገር አልነበረም። ዝቅ አድርጊው። ደሞ 14ቱንም አትስቀዪ፣ አምስት ይበቃል፣ የዚህ ጌም ደስታ በኮሪደር ዞር ስትዪ ሩቅ ግድግዳ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ሲልብሽ ነው እንጂ ተደርድሮ ስታዪው አይደለም።

ነውሩን በተመለከተ፣ እንኳን ሰላማዊው ቀርቶ የባሰውም ተሰርቷል፣ በ1995 ኦስትሪያ ሊንዝ ላይ «አርስዱም» የሚባል ስራ ቀርቦ ሰው የጥበብ ስራ ላይ ይተኩስ ነበር። ያንቺ እንደዛ አይደለም። በዛ ላይ ጣና አካባቢ ከ600 ዓመት በፊት ገደማ የተሳለ ወንጌል ዛሬ እዛው ሜትሮፖሊታን ነው ያለው፣ ፎቶውንም ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ያየዋል። እኔ ብሆን ግን ለቅዱሳኑ ለብቻቸው ክፍል እሰራና ብርጭቆውን በር ላይ አስቀምጣለሁ፣ መሳሪያና ጭራቅም ከካርታው ላይ ጠራርጌ። ልብሽ ካልረጋ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ ዱም ምን እንደሆነ ማስረዳቱ ላንቺ ነው የተተወው።

ሲያልቅ ፋይሉ ትንሽ ስለሚሆን በቴሌግራም ይላካል። ስልክ ብቻ ላላቸው ወዳጆችሽ ግን ራስሽ እየዞርሽ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቅጂላቸው፣ ቀስ ብለሽ ተራመጂ፣ የዱም ሰውዬ እንደሆነ በጣም ነው የሚሮጠው።