«ጂማት ልፈተን ወይስ ይቅርብኝ?» እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

ስለ ውጭ አገር የኤምቢኤ (የንግድ ሥራ አስተዳደር ማስተርስ) ትምህርት ከጻፍኩ ወዲህ የሚደርሱኝ መልእክቶች ከግማሽ በላይ ስለ መግቢያ ፈተናው ናቸው፦ ለንግድ ትምህርት ቤቶች ስለተዘጋጀው ጂማት እና ለሌላም ማስተርስ ስለሚሆነው ጂአርኢ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ፣ ስም ሳልጠቅስ እነሆ።

«ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። አውሮፓ ኤምቢኤ መማር እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ ጂማት ካልተፈተንክ አይቀበሉህም ይላሉ፤ ጂአርኢ ግን በዋጋ ይቀንሳል። የቱን ልፈተን?» — መሐንዲሱ፣ ከአዳማ

ጓደኞችህ የሚያወሩት የድሮውን ነው። ዛሬ የፈረንሳዩ ኢንሲያድም ሆነ የአሜሪካው ሐርቫርድ ሁለቱንም ይቀበላሉ፤ የአብዛኞቹ ታዋቂ ትምህርት ቤቶች አሠራርም ይኸው ነው። ልዩነቱ ያለው ፈተናዎቹ ራሳቸው ላይ ነው። ጂአርኢ 220 ዶላር ያህል ነው፤ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ይወስዳል፤ አንድ ድርሰት ያጽፍሃል፤ የሒሳቡ ክፍል ካልኩሌተር ይፈቅዳል፣ ጂኦሜትሪም አለው። ጂማት 275 ዶላር አካባቢ ነው (እንደ አገሩ ይለያያል)። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ አጥሮ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ሆኗል፤ ሦስቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ ይወስዳሉ። ሒሳቡ 21፣ ቨርባሉ (የንባብና የክርክር ክፍሉ) 23፣ ዳታ ኢንሳይትስ የሚባለው (ሠንጠረዥ፣ ግራፍና መረጃ የሚመዘንበት) 20 ጥያቄ አለው። ድርሰቱ ቀርቷል፣ ሰዋስው ማረም ቀርቷል፣ ጂኦሜትሪም ቀርቷል። ካልኩሌተር የሚፈቀደው በዳታው ክፍል ብቻ ነው።

እንዳንተ ያለ መሐንዲስ በሒሳቡ ብዙ አይቸገርም። የሚያስቸግርህ የጂአርኢ ቨርባል ነው፤ በቀን ተቀን እንግሊዝኛ የማታገኛቸውን ቃላት ይጠይቃል። ጂማት ግን ቃላት አያሸመድድህም፤ አንብበህ ክርክሩ የት ላይ እንደሚላላ እንድታይ ነው የሚፈልገው። በሌላ በኩል ደግሞ ከኤምቢኤ ጎን ለጎን ሌላ ማስተርስም የምታመለክት ከሆነ ጂአርኢው ለሁለቱም ይሆንሃል። የሁለቱም ፈተና አዘጋጆች ነጻ የሆነ ሙሉ የሙከራ ፈተና በድረ ገጻቸው ላይ አስቀምጠዋል። አንዱን በዚህ ቅዳሜ፣ ሌላውን በሚቀጥለው ሥራና ውጤትህን አይተህ ምረጥ። ብር ሳታወጣ የሚገኝ መልስ እያለ ጓደኛ መጠየቅ ምን ያደርግልሃል?

«አካውንቲንግ ተመርቄ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሒሳብ የነካሁት ግን በኤክሴል ብቻ ነው። ከየት ልጀምር? ዳታ ሰፊሸንሲ የሚባለውን ጥያቄማ ጨርሶ አልገባኝም።» — የቁጥር ሰው ነኝ ባይዋ፣ ከሐዋሳ

ከየት ለሚለው መልሱ አጭር ነው፦ ክፍልፋይ፣ ፐርሰንት፣ ሬሾ፣ ቀላል እኩልታ፣ አማካይ። ከሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አይወጣም። በጂማት የሒሳብ ክፍል ካልኩሌተር ስለሌለ እጅሽን አፍታቺ፤ የ17 በመቶውን ስሌት ወረቀት ላይ መሥራት እስኪሰለችሽ ድረስ ሥሪው።

በጂማት የዳታው ክፍል ያለው ዳታ ሰፊሸንሲ ግን ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ጎበዝ ተማሪ የሚወድቅበት እዚያ ነውና። ጥያቄው መልሱን አምጪ አይልሽም። «መልሱን ለማግኘት የሰጠሁሽ መረጃ ይበቃል ወይ?» ነው የሚልሽ። እንዲህ እንበል፦

ነጋዴው ከአንድ ኩንታል ጤፍ ስንት ብር አተረፈ? አንደኛ መረጃ፦ የሸጠው ከገዛበት ዋጋ ላይ 10 በመቶ ጨምሮ ነው። ሁለተኛ መረጃ፦ የሸጠው በ16,500 ብር ነው።

አንደኛው ብቻውን ምንም አይነግርሽም፤ ከስንቱ ላይ 10 በመቶ? ሁለተኛውም ብቻውን ያው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ይበቃሉ። እዚህ ላይ ብዕርሽን አስቀምጪ! የገዛው በ15,000፣ ያተረፈው 1,500 መሆኑን ማስላት ማንም አልጠየቀሽም። በሥራ ልማድ ሁሉንም እስከ ሳንቲሙ የሚያሰላ አካውንታንት ጊዜው የሚያልቀው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ይብሳል። «ከረጢቱ ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል?» ተብለሽ የተሰጠሽ መረጃ «ከ40 ኪሎ በታች ነው» ቢል፣ ይበቃል ወይስ አይበቃም? ብዙ ሰው «አይ፣ ከ50 በላይ አይደለም» ይልና መረጃው አይበቃም የሚለውን ይመርጣል። ይበቃል! ጥያቄው የቁርጥ መልስ አግኝቷል፤ መልሱ «አይመዝንም» ነው። የማይበቃው አንዴ አዎ፣ አንዴ አይ የሚያሰኝ መረጃ ነው። አምስቱ ምርጫዎች (አንደኛው ብቻ ይበቃል፣ ሁለተኛው ብቻ ይበቃል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ይበቃሉ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻ ይበቃሉ፣ ሁለቱ ተገናኝተውም አይበቁም) ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ስለሚመጡ በቃልሽ ያዢያቸው፤ ፈተናው ላይ እንደገና ማንበብ የለብሽም።

እግረ መንገዴን፦ በዳታው ክፍል ሁለትና ሦስት ንዑስ ጥያቄ ያላቸው አሉ፤ ሁሉንም ካላገኘሽ ነጥብ የላቸውም። አንዱ ላይ ከተጣበቅሽ ገምተሽ እለፊ፤ ባዶ መተው ግን ያስቀጣል።

«ዱባይ ነው የምሠራው። ፓስፖርቴ ላይ የእኔ፣ የአባቴና የአያቴ ስም አለ፤ ዲግሪዬ ላይ የእኔና የአባቴ ብቻ። የኤምሬትስ መታወቂያዬ ላይ ደግሞ የአባቴ ስም ስፔሊንግ ሌላ ነው። በየትኛው ልመዝገብ?» — ባለ ሦስት ስም

በፓስፖርቱ። ፊደል በፊደል፣ በፓስፖርቱ። የእኛ አገር ስም ለቅጾቻቸው አይመችም፤ የቤተሰብ ስም ብለው የሚጠይቁት ቦታ ላይ ግማሾቻችን የአባታችንን፣ ግማሾቻችን የአያታችንን እንሞላለን። ፓስፖርትህ የትኛውን ስም በየትኛው መስመር እንዳስቀመጠ እይና እንደዚያው ገልብጥ። በር ላይ የሚቀበሉህ ሰዎች ስለ ኢትዮጵያ አሰያየም ማብራሪያ አይሰሙም፤ ስሙ ካልገጠመ ይመልሱሃል፣ ገንዘቡም ይቀራል። የትውልድ ቀንህንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ሙላ፤ 1990 ብሎ የኢትዮጵያውን የሞላ ሰው በእነሱ ዘንድ የሰባት ዓመት ሽማግሌነት ይጨመርለታል።

የዲግሪው ጉዳይ የፈተናው ሳይሆን የማመልከቻው ነው። ማመልከቻው ላይ ሌላ የምትጠቀምበት ስም ካለ የሚጠይቅ ቦታ አይጠፋም፤ እዚያ ጻፈው። ከተመረቅህበት ሬጅስትራር ሁለቱም ስሞች ያንተው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ቢኖርህ ደግሞ ከጭንቀት ትድናለህ። እዚያው እያለህ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽም አጻፍ፤ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ቶፍል ወይም አይልትስ የሚያስቀሩት በእሱ ነው። ጂማት የእንግሊዝኛ ፈተና ምትክ አይደለም፤ ይህን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው።

«ከቤት ሆኜ ኦንላይን ብፈተን ምን ይመስልሃል? መብራቱ ነው የሚያሰጋኝ።» — ከባሕር ዳር

ስጋትሽ ልክ ነው። ፈተናው በካሜራ ይታያል፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ከገባ ሊቋረጥብሽ ይችላል። «ቡና ደረሰ» ብላ በሩን የምትከፍት እናት ስንቱን አበላሽታለች! ለቤተሰብ ቀድመሽ ንገሪ፣ በሩንም ቆልፊ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ መብራት ሲሄድ የሚጠፋው ራውተሩ ነውና ለእሱ መጠባበቂያ አዘጋጂ። የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ አትጠቀሚ፤ ቢሮው የጫነው መከላከያ የፈተናውን ሶፍትዌር ያግድብሻል። ለስሌት ወረቀት ስለማይፈቀድ በተፈቀደው መጠን ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ግዢና ከወዲሁ በእሱ ተለማመጂ።

እውነቱን ልንገርሽ፦ አቅሙ ካለሽ ፈተና ማዕከል ሄደሽ ተፈተኚ። የአውቶቡሱና የአልጋው ወጪ ያናድዳል፤ በሁለተኛው ክፍል መሃል ኔትወርክ ከመጥፋቱ ግን ይሻላል።

«41 ዓመቴ ነው፤ ባንክ ውስጥ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። በዚህ ዕድሜ ከልጆች ጋር ጂማት መቀመጥ አያሳፍርም?»

አያሳፍርም፤ ግን ላያስፈልግዎት ይችላል። በእርስዎ ዕድሜና ልምድ የሚያዋጣው ሥራ ሳይለቁ የሚማሩት ኤግዚኪዩቲቭ ኤምቢኤ ነው። ለእሱ ኤግዚኪዩቲቭ አሰስመንት የሚባል አጭር ፈተና አለ፤ 90 ደቂቃ፣ 40 ጥያቄ። ያዘጋጀው የጂማቱ ባለቤት ነው፤ ኮሎምቢያ፣ ለንደን ቢዝነስ ስኩልና ኢንሲያድ ከጅምሩ የተቀበሉት ናቸው። የተሠራውም ጥናት ላይ ለወራት መቀመጥ ለማይችል ሰው ታስቦ ነው። መጀመሪያ የሚያመለክቱበትን ፕሮግራም ይጠይቁ፤ በሥራ ልምድዎ ብቻ የሚቀበልም ሊያገኙ ይችላሉ።

«ልጄ እዚሁ አሜሪካ ነው ያደገው። ማማ፣ ፈተናው ቀርቷል፣ ዌቨር ይሰጣሉ ይለኛል። ሰነፍ ሆኖብኝ ነው ወይስ እውነቱን ነው?» — እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እትዬ፣ ልጁ አልዋሸም። ከኮቪድ ወዲህ ከፈተናው ነጻ አድርጉኝ የሚል ማመልከቻ የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች በዝተዋል፤ ቅርብዎ ያለው የቨርጂኒያው ዳርደንም ከእነሱ አንዱ ነው። ነገር ግን ነጻ የሚያደርጉት በሌላ መንገድ ችሎታውን ላሳየ ሰው ነው፦ ጥሩ ጂፒኤ፣ ቁጥር የበዛበት ትምህርት ወይም ሥራ። እሱ ያለው ሰው ደግሞ ቢፈተንም የሚያልፍ ነው። ጥሩ ውጤት ስኮላርሺፕ ሲጠየቅ መከራከሪያ ይሆናል፤ ዌቨር ግን መከራከሪያ አይሆንም። ስለዚህ ይፈተን ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ይንገሩት፦ በፈረንጆቹ ከ1966 ጀምሮ ያለ ኮንሶርሺየም የሚባል የትምህርት ቤቶች ኅብረት አለ። በአንድ ማመልከቻ እስከ 6 ለሚደርሱ አባል ትምህርት ቤቶች ያመለክታሉ፤ ለተመረጡት ሙሉ የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል። የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃል። የእኛ ልጆች ስለ እሱ የሚሰሙት ዘግይተው ነው።

«ጂማት 585 አመጣሁ። በጣም አፍሬያለሁ፤ ዩቲዩብ ላይ ሁሉም 700 ነው የሚያወራው።» — ከአዲስ አበባ

የዩቲዩቦቹ 700 የድሮው መለኪያ ነው። የድሮው ከ200 እስከ 800 ሆኖ በዜሮ ያልቅ ነበር፤ አዲሱ ከ205 እስከ 805 ሆኖ ሁልጊዜ በ5 ያልቃል። የድሮውን 700 የሚስተካከለው አዲሱ 645 ነው። ስለዚህ ውጤትህን ከድሮው ሠንጠረዥ ጋር ማስተያየቱን ተውና የምታመለክትበት ትምህርት ቤት የዘንድሮ ተማሪዎቹ ያመጡትን ክልል ፈልግ። በክልሉ ውስጥ ከሆንክ ጊዜህን ለድርሰቶችህ አውለው።

ከክልሉ በታች ከሆንክ ከ16 ቀን በኋላ እንደገና መቀመጥ ትችላለህ፤ በ12 ወር ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ። ግን በ16ኛው ቀን አትሩጥ! ሁለተኛው ውጤት ከመጀመሪያው እምብዛም የማይለየው ብዙ ጊዜ በመሃል የተለወጠ ነገር ስለሌለ ነው። አዲስ መጽሐፍ አትግዛ፤ የተሳሳትካቸውን ጥያቄዎች ደብተር ላይ ጻፍ፣ አጠገባቸውም ለምን እንደተሳሳትክ። «አላወቅኩትም» ነው? «ቸኮልኩ» ነው? «ጥያቄውን አላነበብኩትም» ነው? ቨርባል ላይ አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ካፌው የማኪያቶ ዋጋ ጨመረ፤ በዚያው ወር ገቢው ቀነሰ፤ ባለቤቱ «ደንበኛ ያባረረው ዋጋው ነው» አለ። ክርክሩን የሚያዳክመው የቱ ነው? መልሱ በዚያው ወር ከካፌው ፊት ለፊት ያለው መንገድ ለኮሪደር ልማት ተቆፍሮ እንደነበር የሚናገረው ነው፤ ሌላ ምክንያት አምጥቷልና። አንተ ግን «ማኪያቶ ጤናማ መጠጥ ነው» የሚለውን ከመረጥክ፣ እንግሊዝኛህ ሳይሆን ከርእሱ መውጣትህ ነው ችግሩ። ደብተሩ ይህን ያሳይሃል።

«ቴሌግራም ላይ እውነተኛውን የፈተና ጥያቄ በ3,000 ብር የሚሸጡ አሉ። ይሠራል?»

አይሠራም። ፈተናው እንደ አመላለስህ ጥያቄ እየቀያየረ የሚሄድ ስለሆነ የሌላው ሰው ጥያቄ ላንተ የመድረሱ ዕድል ጠባብ ነው፤ የሚሸጡልህም ባብዛኛው ከመጽሐፍ የተገለበጠ ነው። እውነተኛ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ይብሳል። በፈረንጆቹ 2008 ስኮርቶፕ የተባለውን ድረ ገጽ የፈተናው ባለቤት ከሶ 2.3 ሚሊዮን ዶላር አስፈርዶበታል፤ የተጠቀሙ ተፈታኞችም ውጤት ተሰርዟል፣ ለትምህርት ቤቶቻቸውም ተነግሯል።

«አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኤምቢኤ ለመማር ጂማት ያስፈልጋል?»

አያስፈልግም። አገር ውስጥ የሚፈለገው የአገር ውስጡ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው። ዶላርህን አስቀምጥ።

«የቀጠሮ ኢሜይሉ ሴፕቴምበር 12፣ 2:00 ፒኤም ይላል። ጠዋት ነው አይደል?»

አይደለም! በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት 8 ሰዓት ነው። ቀኑም መስከረም 12 ሳይሆን በአብዛኛው ዓመት መስከረም 2 ነው። ፓስፖርትህን ይዘህ 7 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ተገኝ።