አሜሪካ ላላችሁ፦ ስለ ወላጆቻችሁ ፉድ ስታምፕ (መንግሥት ለምግብ መግዣ በካርድ የሚሞላው ብር) ጠይቁኝ

ጋሽ ደረሰኝ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ለአዛውንቶች በነፃ ፎርም እሞላለሁ። 60 የሞላው ወላጅ ያላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ ግን የካርዱን ፒን ቀይሩ፣ 1234 ያደረጋችሁ በተለይ። ከ2024 ዲሴምበር ወዲህ ከካርዱ የተሰረቀውን ብር የፌዴራል መንግሥቱ አይተካም።

ሰላም፦ ጋሼ እናቴ በወር 24 ዶላር ብቻ ነው የሚገባላት

ጋሽ ደረሰኝ፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር። 24 የፌዴራሉ ትንሹ ነው፣ ለአንድ ሰው እስከ 298 ይደርሳል። ፎርሙ ላይ የሕክምና ወጪ የሚለውን ባዶ ትታችሁት ይሆናላ! 60 የሞላው ሰው ከኪሱ የሚያወጣው የሕክምና ወጪ በወር 35 ዶላር ካለፈ ትርፉ ከገቢው ይቀነስለታል፣ 120 ካወጣች 85ቱ ይቀነሳል፣ የሚቆጠረው ገቢ ሲወርድ የምግቡ ብር ይጨምራል። መነጽር፣ ጥርስ፣ መድኃኒት፣ ራሷ የምትከፍለው የሜዲኬር (የአዛውንቶች የመንግሥት ጤና መድን) ወርሃዊ ክፍያ፣ ሐኪም ጋ የሄደችበት ታክሲ ሳይቀር። ባለፈው አንድ እናት በጫማ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ይዘው መጡ፣ ግማሹ ቀለሙ ለቆ አይነበብም፣ ዕጣን የቋጠሩበት ወረቀት ራሱ የፋርማሲ ደረሰኝ ሆኖ ተገኘ፣ ፈትተን እሱንም ደመርነው። ደረሰኝ አትጣሉ!

ኪያ፦ አባቴን እኔ ስፖንሰር አድርጌ ካመጣሁት 2 ዓመቱ ነው፣ ያገኛል?

ጋሽ ደረሰኝ፦ ገና ነው። ግሪን ካርድ ከያዘ 5 ዓመት ይጠብቃል፣ ከዛም በኋላ ዜጋ እስኪሆን ያንቺ ገቢ እንደሱ ገቢ ሊቆጠርበት ይችላል። እስከዛ ሲኒየር ሴንተር (የአዛውንቶች መዋያ) ምሳ ይብላ፣ በ1965ቱ የአዛውንቶች ሕግ በጀት ነው፣ 60 ከሞላው ገቢ አይጠየቅም፣ የቻለ ያዋጣል።

ማሚ፦ በየወሩ ለአዛውንቶች የሚሰጠው የምግብ ካርቶንስ?

ጋሽ ደረሰኝ፦ እሱ ሌላ ፕሮግራም ነው። አይብ፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ ጁስ ምናምን። ኮንግረስ በየዓመቱ የሚመድበው ስለሆነ ለየስቴቱ የሰው ቁጥር ይቆረጣል፣ ከሞላ ወረፋ ነው።

ሶል፦ በሁዳዴ አይብና ሥጋ ምን ሊሰራ 😂

ማሚ፦ እናቴ ለጎረቤቷ ለሳልቫዶሯ ሴትዮ ትሰጣታለች፣ እሷ ደግሞ ባቄላዋን ታመጣላታለች

ሶል፦ ጧሪ ልጅ እያለ የመንግሥት ካርቶን መሸከም ነውር ነው ባይ ነኝ

ማሚ፦ አንተ ኪራይ ከፍለህ ለመጦሪያ ይተርፍሃል? እናቴ 11 ዓመት የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ታክስ ከፍላለች እኮ

ጋሽ ደረሰኝ፦ ሁለታችሁም በውስጥ መስመር። ቀጣይ።

ዳኒ፦ እናቴ ታገኛለች?

ጋሽ ደረሰኝ፦ ዕድሜ? ገቢ? የመኖሪያ ወረቀት? ጠንቋይ አይደለሁም።

አቢ፦ የኔ እናት እኔ ቤት ነው የምትኖረው

ጋሽ ደረሰኝ፦ ለብቻዋ ገዝታ ለብቻዋ የምታበስል ከሆነ ለብቻዋ ታመልክት። ድስቱ አንድ ከሆነ አብራችሁ ትቆጠራላችሁ። አትዋሹ፣ ብሩን ያስመልሷችኋል።

ቤቲ፦ አክስቴ 61 ናቸው፣ ሥራ ይጠየቃሉ የሚባለው እውነት ነው?

ጋሽ ደረሰኝ፦ እውነት ነው። በ2025ቱ ሕግ እስከ 64 ተዘርግቷል፣ በወር 80 ሰዓት ሥራ ወይ ሥልጠና ወይ በጎ ፈቃድ። ሐኪም አይችሉም ብሎ ከጻፈላቸው ይቀርላቸዋል፣ ወረቀቱን ይያዙ።

ናቲ፦ ጋሼ የኔም እናት 24 ዶላር ብቻ...

ጋሽ ደረሰኝ፦ ከላይ አንብብ።

ናቲ፦ እሺ በካርዱ እንጀራ ይገዛል?

ጋሽ ደረሰኝ፦ ሱቁ ኢቢቲ (የፉድ ስታምፑን ካርድ) ከተቀበለ እንጀራም ጤፍም በርበሬም ይገዛል፣ ትኩስ ጥብሱ ግን አይሆንም። ፒኑን ቀየርክ?

ናቲ፦ ኧረ 1234 ነው እንዳትረሳው ብዬ

ጋሽ ደረሰኝ፦ 🤦🏾 እዚህ ጻፍከው ደግሞ!